በብስክሌት ዳንዩብን ለሁለት መውረድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባለቤቴ ጋር ከዳንዩብ መነሻ እስከ ቡዳፔስት በብስክሌት ደርሰን ከተመለስን ወዲህ፣ በሰንበቴም በክርስትናም ላይ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል።

መንገዱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

ዳንዩብ የሚወለደው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ጥቁር ደን በሚባለው ተራራማ አካባቢ ነው። ብሬግና ብሪጋኽ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ዶናውኤሺንገን ከተማ አጠገብ ሲገናኙ ስሙን ያገኝና 2,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጥቁር ባሕር ይገባል። ዳር ዳሩን የተዘረጋው የብስክሌት መንገድ በአብዛኛው፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የዩሮቬሎ 6 መስመር አካል ነው። እኛ የነዳነው ከዶናውኤሺንገን እስከ ቡዳፔስት ያለውን 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀርመንን፣ ኦስትሪያን፣ ስሎቫኪያንና ሀንጋሪን ይነካል። አራት የዕረፍት ቀን ጨምሮ 26 ቀን ፈጀብን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ኢመንዲንገን አጠገብ ወንዙ ጠፋብን። አላጋነንኩም። በአውሮፓ በጋ ውሃው ወደ ኖራ ድንጋዩ እየሰረገ ወለሉ ደርቆ የሚታይበት ቦታ ነው። የሰረገው ውሃ በምድር ውስጥ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አኽ በሚባል ምንጭ ይወጣና ወደ ራይን ይጓዛል። ባለቤቴ ደረቁን ጠጠር አይቶ «እንግዲህ አለቀ፤ እንመለስ» አለኝ። ጥቂት ዝቅ ሲሉ ሌሎች ጅረቶች ይቀላቀሉትና ወንዙ እንደገና ወንዝ ይሆናል።

ብስክሌት ብዙ ነድቼ አላውቅም። እችለዋለሁ?

ዶናውኤሺንገን ከባሕር ወለል 680 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ቡዳፔስት 100 ገደማ። 580 ሜትሩን የምትወርዱት በ1,200 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው በአንድ ጊዜ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዷልና ልዩነቱን እሱ ይንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ፣ በቦይሮን ገደል አካባቢ፣ ትንንሽ ዳገቶች አሉ። ከፓሳው ወዲያ ግን መንገዱ ጠረጴዛ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ባሕር ዳር ያደግሁ ነኝ። በእኛ ከተማ ብስክሌት የትምህርት ቤትም የገበያም እግር ነው። ባለቤቴ ግን የአዲስ አበባ ልጅ ሲሆን ብስክሌት የተማረው በ34 ዓመቱ፣ ጀርመን ውስጥ፣ እሑድ እሑድ ባዶ በሚሆን የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን 28 ኪሎ ሜትር ነድተን ጉልበቱን ይዞ ተቀመጠ። ምክንያቱ የአቅም ማነስ ሳይሆን የመቀመጫው ዝቅ ማለት ነበር። ጀማሪ እግሩ መሬት እንዲነካለት ብሎ መቀመጫውን ዝቅ ያደርገዋል፤ ጉልበት የሚያመውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ጥቂት ብቻ እጥፍ ማለት አለበት። ሁለት ጣት ያህል ከፍ አደረግንለት፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ በቀን 55 ኪሎ ሜትር መደበኛችን ሆነ።

ምን ዓይነት ብስክሌት ያስፈልጋል?

ውድ አይደለም። የኋላ መደርደሪያ፣ ጭቃ መከላከያና ጥሩ ፍሬን ያለው ተራ የከተማ ብስክሌት ይበቃል። መንገዱ በአብዛኛው አስፋልት ቢሆንም የላይኛው ዳንዩብና ሀንጋሪ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ጠጠር ስለሚያጋጥም፣ የጎማው ስፋት ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። የሁለታችንም ብስክሌት ያገለገለ ነው። የባለቤቴ ከጎረቤት አሮጊት የተገዛ የሴት ብስክሌት ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት የቀለደበት ሰው ሁሉ ቡዳፔስት ድረስ አብሮት አልሄደም።

ዕቃውን እንዴት ተካፈላችሁ?

ብዙ ባለትዳሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኩል ይካፈላሉ። እኩል ጭነት ፈጣኑን ይበልጥ ፈጣን፣ ዘገምተኛውን ይበልጥ ዘገምተኛ ያደርገዋል። ከዚያ አንዱ በየመታጠፊያው ቆሞ ይጠብቃል፤ የደረሰው ሳያርፍ ያረፈው ይነሣል። በዚህ ዓይነት ሦስት ቀን ከተሄደ አራተኛው ቀን ላይ ኩርፊያ ነው። እኛ ሁለተኛው ቀን ማታ ሚዛኑን ቀየርነው፦ እኔ 16 ኪሎ፣ እሱ 9 ኪሎ። ለወንድ ልጅ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን መሄድ ቻልን።

የያዝነው ሁለት ሰው የሚይዝ ድንኳን፣ ሁለት የመኝታ ከረጢት፣ በአየር የሚነፋ ምንጣፍ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ድስት፣ ለእያንዳንዳችን ሁለት ቅያሪ ልብስና የዝናብ ካፖርት ነው። ድንኳኑንም ለሁለት ከፈልነው፤ ጨርቁ እኔ ጋ፣ ዘንጉና ካስማው እሱ ጋ። በወቅቱ ብልህነት መስሎን ነበር።

መቼ መሄድ ይሻላል?

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከግንቦት እስከ መስከረም አጋማሽ። ንፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሰዉ ሁሉ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል። ሽቅብ የሚመጡትን ፊታቸውን አይቶ መለየት ይቻላል።

የወንዙን ከፍታ በየቀኑ መከታተል ግን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በመካከለኛው አውሮፓ በጣለው ከባድ ዝናብ ዳንዩብ በታችኛው ኦስትሪያና በሀንጋሪ ሞልቶ ነበር። የብስክሌት መንገዱ ብዙ ቦታ ላይ የሚሄደው በውሃው ጠርዝ ስለሆነ ሲሞላ መጀመሪያ የሚሰምጠው እሱ ነው።

መንገዱን ላለመሳት ምን ትጠቀማላችሁ?

ምልክቶቹን። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ በየመታጠፊያው አሉ፤ ሀንጋሪ ላይ ይሳሳሉ፤ እዚያ ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ መጫን ይጠቅማል። በወንዙ ዳር የኪሎ ሜትር ቁጥር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎችም ታያላችሁ። ቁጥሩ የሚቆጠረው ከመድረሻው ወደ ላይ በመሆኑ በወረዳችሁ ቁጥር ይቀንሳል፦ ፓሳው ላይ 2,226 ገደማ፣ ቡዳፔስት ላይ 1,647 ገደማ። እኔን ቁጥር ሲቀንስ ማየት ያበረታኛል። ባለቤቴ ደግሞ ገንዘብ ከባንክ ሲወጣ የማየት ያህል ይከብደው ነበር።

ድንኳን የትም ቦታ መትከል ይቻላል?

አይቻልም። ጀርመን ውስጥ ሕጉ ከክልል ክልል ቢለያይም ከተፈቀደ ቦታ ውጭ ማደር በአጠቃላይ ክልክል ነው። ኦስትሪያም ጫካ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ድንኳን መትከልን ትከለክላለች። በቪየናና በብራቲስላቫ መካከል ያለው የዳንዩብ ረግረግ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ሕጉን ብትረሱት እንኳ የወባ ትንኝ መሳዮቹ ያስታውሷችኋል።

እኛ አብዛኛውን ሌሊት ያደርነው ገንዘብ ተከፍሎባቸው በሚታደርባቸው የድንኳን ሰፈሮች ነው። በዚህ መንገድ ላይ ብዙ ናቸው፤ የሞቀ ውሃ ሻወርና ንጹሕ መጸዳጃ አላቸው፤ በብስክሌት ለሚመጣ መንገደኛም ትንሽ ሣር አያጡም። አምስት ሌሊት የገበሬ በር አንኳኩተን ጠይቀናል። አራቱ ፈቀዱልን። ስትጠይቁ የራስ ቁራችሁን አውልቁ፤ ከመምሸቱ በፊት ሂዱ፤ «ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንነሣለን» ብላችሁ መውጫችሁንም አብራችሁ ተናገሩ። ሰው የሚፈራው የሚቆይ እንግዳን ነው።

ምን ትበላላችሁ? ጾም ላይ ቢውልስ?

ሽሮ። ስቀልድ አይደለም፤ ለድንኳን ኑሮ ከሽሮ የተሻለ ምግብ ያለ አይመስለኝም። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ውሃ ካለ በሩብ ሰዓት ይደርሳል። አንድ ኪሎ ተኩል ሽሮ፣ አንድ ጠርሙስ በርበሬና ሁለት ኪሎ በሶ ይዘን ወጣን። በሶ እንዲያውም የዘማች ስንቅ ነበር፤ ጠዋት በውሃና በማር በጥብጠነው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ያደርሰናል። እንጀራ አልያዝንም፤ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ መሸከም ነው። ሽሮውን በገጠር ዳቦ በላነው። ሬገንስቡርግ አጠገብ አንድ ማታ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ከጎን የነበሩ አንድ አዛውንት ሳህን ይዘው መጡ፤ ሳይጠሩ የመጡ የመጀመሪያው ጀርመናዊ እንግዳዬ ናቸው።

የተነሣነው በሰኔ ጾም ውስጥ ነበር። እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ 55 ኪሎ ሜትር መንዳት አይቻልም፤ ከመነሣታችን በፊት የንስሐ አባታችንን አማክረን የሰዓቱን ነገር አቃለሉልን፤ ከምግቡ ግን አልወጣንም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝና ዳቦ በየሱቁ አለ። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ፓሳው ላይ ዋለልን፤ ሦስት ወንዞች፣ ዳንዩብ፣ ኢንና ኢልዝ፣ የሚገናኙበት ጫፍ ላይ ተቀምጠን በእንቁላል ፈሰክን።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ቅዳሜ ማታ ቦርሳው ባዶ የሆነ ሰው እሑድን በነዳጅ ማደያ ብስኩት ያሳልፋል።

ስንት ብር አስወጣችሁ?

ለሁለታችን በቀን ወደ 58 ዩሮ፣ በጠቅላላው 1,500 ዩሮ ገደማ፤ የመመለሻ ባቡሩ ለብቻው ነው። ከዚህ ግማሽ ያህሉ የማደሪያ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ ሁለት ሰውና አንድ ድንኳን በሌሊት ከ20 እስከ 30 ዩሮ ከፍለናል። ሀንጋሪ መገበያያዋ ፎሪንት ነው፤ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የመመለሻ ባቡር ላይ ለብስክሌቱ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ግዴታ ነው፤ በአንድ ባቡር ላይ ያለው ቦታ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ የሰውየውን ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የብስክሌቱን ቦታ አረጋግጡ።

ጎማ ቢተነፍስስ?

መለጠፍ ነው። ባሕር ዳር ሳለሁ በየማዕዘኑ ጎሚስታ ስለነበር እጄን ሳላቆሽሽ አደግሁ፤ እዚህ ግን ሁለት መንደር መካከል ሆናችሁ የሚደርስላችሁ የለም። ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውለቂያና ትንሽ ፓምፕ ይዛችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የኋላውን ጎማ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ አውልቃችሁ መልሱ። በጉዞው ሁሉ ሦስት ጊዜ ተነፈሰብን። ሦስቱም የእኔ ነበር፤ 16 ኪሎው የት እንደተጫነ አስታውሱ።

የት የት ማረፍ ይገባል?

ሁሉም ስለ ቪየና ይነግራችኋልና እኔ ዝም ልበል። ኡልም ላይ 161 ሜትር ተኩል ከፍታ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ማማ ለማየት አንገት ይታመማል። ሬገንስቡርግ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም በብስክሌት ይኬድበታል። ከፓሳው በታች ሽሌገን ላይ ወንዙ ወደ መጣበት የሚመለስ መስሎ ይጠመዘዛል፤ በግራው ዳር መንገዱ ስለሚቋረጥ ብስክሌት የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች።

ከሊንዝ ወዲያ ማውትሃውዘን ይመጣል። ወንዙ ዳር ያለች ውብ መንደር ናት፤ ከበላይዋ ኮረብታ ላይ ግን ናዚዎች ከ1938 እስከ 1945 ያቆሙት የእስረኞች ካምፕ አለ። በዋናው ካምፕና በቅርንጫፎቹ ቢያንስ 90,000 ሰው አልቋል። እስረኞቹ ከካባው ድንጋይ ተሸክመው የወጡበት 186 እርከን ያለው ደረጃ ዛሬም አለ። ዳገቷ አጭር ብትሆንም ብዙ ብስክሌተኛ ታች ሆኖ ያልፋል። እኛ ብስክሌቶቹን እየገፋን ወጣን፤ ከዚያ በኋላ ያ ቀን ምንም አልተነጋገርንም።

ጥቁር ባልና ሚስት ሆናችሁ በገጠር ስትሄዱ አልፈራችሁም?

ይህን የሚጠይቁን ሐበሾች ብቻ ናቸው፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። የሚያዩን ሰዎች ነበሩ፤ ብዙው የጉጉት እይታ ነው፤ ጭነት የበዛበት ብስክሌት ደግሞ ወሬ ይጀምራል። አንድ የድንኳን ሰፈር ላይ ግን «ሞልቷል» ተባልን። አጥሩ ሥር ውሃ ስንጠጣ ከኋላችን የደረሱ ሦስት ብስክሌተኞች ተፈቅዶላቸው ገቡ። አልተከራከርንም፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ቢያንስ ምክንያቱን መጠየቅ ነበረብን። አምስት ኪሎ ሜትር ዝቅ ብለን አንዲት ገበሬ የፖም ዛፋቸው ሥር አሳደሩን፤ ጠዋት ቡና ይዘው መጡ።

ከዚህ የተማርነው ተግባራዊ ነገር፣ ማደሪያ ፍለጋውን ከ11 ሰዓት በፊት መጀመር ነው፤ እምቢ ብትባሉ ሌላ ለመሞከር ብርሃን ይኖራል። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድም ቦርሳ ሥር አይቀበር። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ጊዜያዊ ቁጥጥር ስለጀመረች፣ ሸንገን (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሡ የአውሮፓ አገሮች ማኅበር) ነው ተብሎ ያለ ወረቀት አይኬድም።

የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው በሕጋዊ መንገድ ይችላል?

የአንድ ሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድና የጸና የጉዞ ሰነድ ያለው ሰው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች ውስጥ በየ180 ቀኑ እስከ 90 ቀን መዘዋወር ይችላል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በመታየት ላይ ያለ ሰው ግን በያዘው ወረቀት ድንበር መሻገር አይችልም። የብስክሌት መንገዱ ድንበር ላይ አጥር የለውም ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ እንዲህ ላለ ሰው ከዶናውኤሺንገን እስከ ፓሳው ያለው ጀርመን ውስጥ ያለቀ ነው፣ ከሁሉም የሚያምረውም እሱ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚመጣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ቢዘገይ ከ15 ቀን በፊት ይገባል። ከሰኔ 2024 ጀምሮ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። የሚያመለክቱት ረጅሙን ጊዜ በሚቆዩበት አገር ኤምባሲ ነው። ችግሩ የማደሪያ ማስረጃው ላይ ነው፤ «ድንኳን እንተክላለን» የሚለው መልስ ማንንም አያሳምንም። የድንኳን ሰፈሮቹ ለተያዘ ቦታ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲልኩ ጠይቁ፤ የየቀኑን ማደሪያ ከተማ የያዘ ዝርዝርም አያይዙ።

ከቡዳፔስት ወዲያ መቀጠል ለሚፈልግ፦ ሰርቢያ ከሸንገን ውጭ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ሰርቢያ ከገባ በዚያው ቪዛ ወደ ሮማኒያ ወይም ቡልጋሪያ መግባት አይችልም፤ ሁለቱም ከጥር 2025 ወዲህ ሙሉ የሸንገን አባል ናቸው።

አትጣሉም ወይ?

እንጣላለን። የእኛ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን ምክንያቱ ረኀብ ነው። ይህን ለማወቅ አሥር ቀን ፈጀብን። ከዚያ በኋላ ማንኛችንም ብንቆጣ ሌላው መልስ ከመስጠቱ በፊት ቆሎ ያቀብል ነበር። ፍጥነትን በተመለከተ ደንባችን ዘገምተኛው ከፊት ይሂድ የሚል ነው፤ ከኋላ ያለ ሰው ወደ ኋላ እየዞረ አይገላመጥም።

ደንቡን አንድ ቀን ጣስኩት። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው ሸለቆ ቫኻው ይባላል፤ በአፕሪኮትና በወይን የታወቀ ነው፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ አፕሪኮቱ ይደርሳል። ባለቤቴ በየፍራፍሬ መሸጫው እየቆመ ሲቀምስ ታክቶኝ «እቀድማለሁ» ብዬ ሄድኩ። የረሳሁት ነገር ዳንዩብ በሁለቱም ዳር መንገድ እንዳለው ነው። እኔ በግራ ወረድኩ፤ እሱ ሜልክ ላይ ድልድዩን ሳይሻገር በቀኝ ቀረ። ስልኩ እኔ ቦርሳ ውስጥ ኃይል እየሞላ ነበር። የድንኳኑ ጨርቅ እኔ ጋ፣ ዘንጉ እሱ ጋ፤ በመካከላችን ዳንዩብ።

ሽፒትስ የምትባል መንደር ደርሼ ወንዙ ዳር ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። እዚያ ከተዘረጋ ሽቦ ጋር የታሰረች፣ ሞተር ሳይሆን የወንዙ ግፊት የሚያሻግራት ጀልባ አለች፤ እንደዚያ ቀን ቀስ ብላ የመጣች አልመሰለኝም። መጨረሻ ላይ ከማዶ ስትነሣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ያ የአሮጊት ብስክሌት ታየኝ። ሲወርድ ሁለት ኪሎ የሚሆን አፕሪኮት በከረጢት አቀበለኝና «አንቺ ገና ምሳ አልበላሽም» አለኝ።